ለሱሁር የተዋጠው ኪኒን

ወዳጄ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነበረች። ልጇ በራስጌዋ ቆሟል። ነርሷ በግርጌ በኩል ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ ሐኪሟ የልብ ምት የሚያነበውን መሣሪያ ሽቦዎች ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። እኔ ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ ነበርኩ። እሷን ልጠይቅ ከአዋሽ ወደ ሰመራ መጥቼ ሰንብቻለሁ፤ ያን ጠዋት ልመለስ ነበር።

አዋሽ ሳለች ጎረቤታሞች ነበርን። እሷ ጥጥ መዳመጫ፣ እኔ ቢሮ እንሠራ ነበር። አስሟ ከዚያ ከጥጡ ብናኝ የመጣ ነው። ትንፋሽ የሚከፍተውን ኪኒን ጠዋት፣ ቀንና ማታ ትወስዳለች።

«ስንት ዋጡ፣ እናቴ? መቼ?» አለች ሐኪሟ።

«ለሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ስበላ፤ የጠዋቱን፣ የቀኑን፣ የማታውን አንድ ላይ። ቀን በፆም አይዋጥም። ትንፋሼ ሲከብድ ደግሞ ጨመርኩ።»

እጇ ይንቀጠቀጣል። ሲያስመልሳት ነው የነጋው።

«መድኃኒቱ ገና ሆድዎ ውስጥ አለ» አለች ሐኪሟ። «አሁንም ልብዎ እየሮጠ ነው። የቀረው ወደ ደም ከገባ ምቱ ሊዛባ ይችላል።»

ነርሷ ማስመለሱን የሚያስታግስ መርፌ ወጋቻትና የከሰል ዱቄት በውኃ በጥብጣ አቀረበች። መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ነው አሉን። ወዳጄ ከንፈሯን ገጠመች።

«ፆመኛ ነኝ።»

«እማዬ፣ ለታመመ ተፈቅዷል። በኋላ በሌላ ቀን ፆመሽ ቀዷ ታወጫለሽ» አለ ልጇ።

«አንተ ደግሞ መቼ ሼህ ሆንክ?»

መሣሪያው በፍጥነት ይጮኻል። ቦርሳዬን አስቀምጬ ተጠጋሁ።

«ይቺ ክርስቲያን ልታስፈጥረኝ መጣች» አለች።

«በፆምሽ አልገባም። ግን ሚኒባሱ አምልጦኛል። እስኪሻልሽ እዚሁ ነኝ፤ ማፍጠሪያሽንም እኔ ነኝ የምሠራው።»

ልጇ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። የእኔን ሽሮ ሁለቱም ያውቁታል።

«ወላሂ፣ ከሽሮሽስ ከሰሉ ይሻላል» ብላ አፏን ከፈተች።

ከንፈሯና ጥርሷ ጠቆረ። ነርሷ ጠረገችላት። ደሟን መርምረው የጎደለውን ጨው በግሉኮሱ ጨመሩላት፤ ከሰሉንም ደገሙላት። ከሰዓት በኋላ የመሣሪያው ጩኸት እየዘገየ ሄደ።

በማግስቱ ሐኪሟ ከአፍጥርና ከሱሁር ጋር የሚስማማ ሌላ መድኃኒት አዘዘችላት።

«ረመዳን ሳይገባ ብቅ ቢሉ ኖሮ ያኔውኑ እንቀይረው ነበር» አለቻት።

ወዳጄ የውኃውን ብርጭቆ ራሷ አነሳች። አልፈሰሰም።

«በይ አሁን ሂጂ» አለችኝ። «ቀዷዬን ሳወጣ ትመጫለሽ። ምግብ ግን አትሠሪም።»

«እሺ» አልኳት።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።