የደጉ አራት ደብተሮች

ባሌን ደጉን ልደታ ሰፈር የማያውቀው የለም። የሚያውቁት ግን ዝምተኛነቱን ብቻ ነው። የመዝገብ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሊቀር አልነበረም እኮ፤ አስተርጓሚ ሊሆን ነበር! የራሱ መዝገበ ቃላት ስለሌለው በምሳ ሰዓት የአለቃውን እየተዋሰ ከባድ ከባዱን እንግሊዝኛ ይገለብጣል። በቀን አሥር ቃል፣ ፍቺው በአማርኛ፣ ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳውን እየዘለለ አራት ወፍራም ደብተር ሞላ። ፀጉሩን ሲቆረጥ እንኳ ቃላቱን እያነበነበ ከንፈሩ አያርፍም። እኔም "አበድክ እንዴ?" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

መጋቢት ስልሳ ዘጠኝ፣ የአስተርጓሚነት ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። እሱ ሥራ ላይ ነው። ጎረቤቴ የሻረግ በአጥሩ በኩል "ጠጅቱ፣ ወረቀት ካለሽ አጥፊ! በተክለ ሃይማኖት በኩል አንዱን በወረቀት ሰበብ ወሰዱት!" አለችኝ። እኔ እንግሊዝኛ አላነብ፣ የትኛው እንደሚያስገድል በምን ልወቅ? ግቢ ውስጥ ባቃጥለው ጭሱ ያሳብቅብኛል። ምድጃው ላይ የባቄላ ድስት ጣድኩና ደብተሮቹን እየገነጠልኩ ከሥር ማገድኳቸው። አራቱንም።

አሳሾቹ መጡ። ፍራሹን ገልብጠው፣ "መሣሪያ አለ?" ብለው ወጡ። ስለ ወረቀት አንድ ነገር አልጠየቁም! ቀጥለው የሻረግ ቤት ገቡ። ለካ እሷ የልጆቿን ደብተር አንዱንም አልነካችም፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተከመረ አይተው አለፉት። እግዜር ይይላት! እነሱንም ይይላቸው!

ደጉ ከሥራ መጥቶ ንፍሮውን እየበላ፣ "እስቲ ደብተሬን አቀብይኝ" አለ። ነገርኩት።

"ደግ አደረግሽ" አለኝ።

ምን ማለት ነው ደግ አደረግሽ? በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር! ለፈተናውም አልሄደም። ይኸው አሥር ዓመት፣ አንድ ቀን አላነሳብኝም። አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ዝምታው ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ትዕግሥት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ መጣችና፣ "አባዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" አለችው።

አየት አደረገና "እኔ እንጃ" አላት።

ደሜ ፈላ። ልጅቷን ወደ ውጭ ላክኋትና፣ "ውሸታም! ታውቀዋለህ! ልጅህን ምን አድርጋህ ነው የምትደብቃት?" ብዬ ጮህኩበት።

"አውቀዋለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንዱን ከነገርኳት ግን ሌላ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ የተቃጠለው ሁሉ ትዝ ይለኝና አንቺን መጥላት እጀምራለሁ ብዬ እፈራለሁ።"