አያቴ የዳኙት ልብ ወለድ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጓሳ ግርጌ በምትገኘው መንደራችን፣ ጉሙ ከአምባው ወርዶ በየደጃፉ በቆመ ቁጥር የቤታችን ሰው ሁሉ ሥራውን በያለበት ጥሎ ወደ ምድጃው ይሰበሰብ ነበር። የእኛ አገር እሳት የኩበት እሳት ነው፤ እንደ ቆላው እንጨት አይንቀለቀልም፣ አይፈነጥቅም፤ ውስጥ ውስጡን እየነደደ፣ ግራጫ ዐመዱን እንደ ካባ ደርቦ፣ ፍሙን ለሚቆሰቁሰው ሰው ብቻ የሚያሳይ ትዕግሥተኛ እሳት ነው። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ከብርሃኗ ጥቀርሻዋ ይበልጥ ነበርና፣ ያኔ የሰዎቹን ፊት ከማየት ይልቅ ድምፃቸውን መስማት ይቀለኝ ነበር። ከድምፆቹ ሁሉ ልቤን የሚገዛው ደግሞ የእናቴ አባት የአባባ ወልዴ ድምፅ ነው።

አባባ ወልዴ በጉልምስናቸው ዘመን ስለ ርስት ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያልቆሙበት ችሎት፣ ያልጠሩት ዋስ አልነበረም ይባላል። ዘመን ተለውጦ፣ መሬቱም በመንግሥት እጅ ሆኖ፣ ሙግቱ ሁሉ ከእጃቸው ሲወጣ፣ ያ የሙግት ፍቅር መሄጃ አጥቶ ወደ ተረታቸው ገባ። በአባባ ወልዴ ተረት ውስጥ አውሬው ሁሉ ይካሰሳል። ጅብ ቀበሮን «ጥላዬ ላይ ተኝታ ጥላዬን አደከመችብኝ» ብሎ ይከሳታል፤ ቁራ ከገበሬው ጋር ስለ አንዲት የገብስ ዛላ ዝንጀሮ ፊት ይቆማል። ሌሎች አረጋውያን ተረታቸውን እስከ ጫፉ አድርሰው ምክሩን ጠቅልለው ሲሰጡ፣ እሳቸው ግን ዳኛው ሊፈርድ አፉን ሲከፍት ድንገት ያቆሙና ከዘራቸውን ወደ አንዳችን ቀስረው «ፍረድ!» ይላሉ።

ፍርዱም ሥርዓት ነበረው። ፈራጁ አስቀድሞ የከሳሹንም የተከሳሹንም ቃል ሳያጓድል መመለስ አለበት። አንዲት ነገር የዘለለ እንደሆነ ችሎት ደፍሯልና፣ ቁሩ አጥንት በሚቆረጥምበት ደጅ ወጥቶ ከክምሩ ኩበት ያመጣል። እኔ በዚህ ችሎት የተመሰገንኩ ዳኛ ነበርኩ፤ የቀበሮዋን ቃል ከነሳሏ እመልሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ማንሳቴ፣ በትምህርት ቤት የገጠመኝ ነገር ለራሴም እንቆቅልሽ ስለሆነብኝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ ከዓለም ከተማ ተዛውረው የመጡት የአማርኛ መምህራችን መምህርት ጽጌ፣ በአንዲት የሳሙና ካርቶን የራሳቸውን ልብ ወለዶች ይዘውልን መጡ። መጽሐፎቹ በተራ ይዞሩ ነበር፤ አንብቦ የመለሰ ተማሪ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ታሪኩን ለክፍሉ ይተርካል። ማንበብ አልተሳነኝም ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ እንዲያውም እመሰገናለሁ። ልብ ወለድ ይዤ ብቻዬን በተቀመጥኩ ጊዜ ግን ዓይኔ መስመሩን ይዞ ሲሄድ ልቤ ከሦስተኛው መስመር ላይ ይቀርና፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ጎረቤታችን ሠርግ፣ ስለማያገባኝ ነገር ሁሉ ሲያስብ ይውላል። ገጹን ስገልጠው ያለፈው ገጽ ውሃ እንዳፈሰሱበት ወንፊት ባዶውን ቀርቶ አገኘዋለሁ።

ሁለት መጽሐፍ ወስጄ፣ ሁለት ጊዜ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ጌጡ የሚሉት የክፍላችን ቀልደኛ ከኋላ ሆኖ፣

«መምህርት፣ ግርማ ሽፋኑን ጨርሷል! ውስጡን ለእኛ ነው የተወልን!» ሲል፣ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ።

ሣቁን እንኳ በቻልኩት ነበር። የከፋው ወሬው አባቴ ጆሮ መድረሱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት መሐል ሜዳ ከተማ ነበርና፣ እዚያ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት ስንቅ እየተላከለት የሚማር ልጅ ለቤተሰቡ ቀላል ሸክም አልነበረም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንግግሩ ግን አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር።

«ስንቅ ተሸክሜ የምመላለሰው ለሚማር ልጅ ነው» አለ። «ሰኞ ደግሞ ቆሞ ዝም ካለ፣ እርፉን ይያዝ። ይኼም ሥራ ነው።»

ለሰኞ የተሰጠኝ መጽሐፍ ስለ አንድ የውሃ ወፍጮ የሚተርክ፣ ጥራዙ የላላ፣ ጠርዙ በብዙ ጣት የወየበ ልብ ወለድ ነበር። ዓርብ ምሽት ከኩራዙ ሥር አስጠግቼው፣ አንዱን ገጽ እየደጋገምኩ ስሸነፍ አባባ ወልዴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣

«ምን ሆነሃል፣ የኔ ጌታ?» አሉኝ።

«አልገባ አለኝ፣ አባባ። እያነበብኩት ይጠፋብኛል።»

«ከሳሹ ማን ነው?»

«ኧረ ልብ ወለድ ነው! ከሳሽ የለውም።»

«ከሳሽ ከሌለው ታዲያ ይህን ሁሉ ወረቀት ምን አስፈጀው?» ካሉ በኋላ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ተስተካክለው ተቀመጡ። «በል ድምፅህን አውጣና አንብብ። ችሎት ተቀምጧል።»

አነበብኩ። እሳቸው በተረታቸው እንደሚያደርጉት በየመሐሉ «አቁም!» ይላሉ። «ውብነሽ ምን አለች? ቃሏን መልስ።» ውብነሽ የምትባለው የታሪኩ ሴት አሁን ከአፌ የወጣውን ቃል ተናግራ ሳለ፣ እኔ አንዲቱን እንኳ አላስታውስም። ደጅ ወጥቼ ኩበት አመጣሁ። ተመልሼ አነበብኩ፤ እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ወጣሁ። እናቴ የገብስ ቆሎውን እያመሰች፣

«በዚህ አያያዛችሁ የክረምቱን ኩበት ዛሬውኑ ልትጨርሱት ነው» አለች።

ያም ቁር፣ ያም የክፍሉ ሣቅ ሥራውን ሠራ መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ የሰዎቹ ቃል እጄ ላይ መቅረት ጀመረ። ነገሩም ገባኝ። አንድ አባት የውሃ ወፍጮውን ለወንድ ልጁ ለዳምጠው ተናዞ ይሞታል። ዳምጠው ግን ወፍጮውን ትቶ አገር ለአገር ሲዞር ይኖራል፤ እህቱ ውብነሽ በጎርፉም በድርቁም ወፍጮውን ይዛ ትቆያለች። ፀጉሩ ሲሸብት ዳምጠው ይመጣና ከግቢው ተቀምጦ «የአባቴን ወፍጮ አስረክቢኝ» ይላታል።

አባባ ወልዴ ይህን ሲሰሙ ያለ ማመንታት ለዳምጠው አደሉ።

«ኑዛዜ ኑዛዜ ነው። የአባቱን ቃል ማን ይሽረዋል?»

«እሷስ አባባ? ያን ሁሉ ዘመን የደከመችው?»

«የደከመ ሰው የድካሙን ይጠይቃል እንጂ ርስት አይወስድም። ወፍጮው የአባቷ ወፍጮ ነው። አይደለም የምትል ከሆነ ማስረጃ አምጣ!»

«አመጣለሁ!»

«ከየት? ከውብነሽ እንባ? እንባ ችሎት ፊት አይቆምም፣ ልጄ።»

በዚያች ቅጽበት በውስጤ የነደደውን ነገር ዛሬም በቃላት ልይዘው እቸገራለሁ። ውብነሽን ያየሁ፣ እጇ ላይ ያለውን ዱቄት የነካሁ ያህል ተበድላብኝ ነበር፤ አያቴ ደግሞ የምወዳቸው አያቴ መሆናቸው ቀርቶ የበዳዩ ጠበቃ ሆነው ታዩኝ። በነጋታው ቅዳሜ፣ መጽሐፉን ይዤ ከአውድማው ዳር ካለው የገለባ ክምር ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም «አንብብ» አላለኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አያቴን የምረታበት ማስረጃ።

ያኔ እንዴት እንዳነበብኩ ሳስበው ይደንቀኛል። ቀድሞ አሰልቺ ናቸው ብዬ የምዘልላቸውን የቦይ፣ የመስክ፣ የድንጋይ ገለጻዎች ምስክር እንደሚመረምር ሰው አንድ በአንድ መረመርኳቸው። ካፊያ ጀመረ፤ ገለባው ውስጥ ገባሁ። እናቴ ስትጣራ አልሰማኋትም ነበር፤ በኋላ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ ደንግጬ ስዘል፣ «ምን ነካው ይኼ ልጅ?» ብላ አማተበች። ማስረጃዬን ያገኘሁት ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው።

ማታ እሳቱ ሳይደላደል ተነሥቼ ቆምኩ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ዳምጠው ግቢው ውስጥ ሲከስሳት ምን ላይ ነው የተቀመጠው?»

አባባ ወልዴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ድንጋይ ላይ።»

«ምን ድንጋይ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ድንጋይ ነዋ!»

ገጹን ገልጬ አነበብኩላቸው፤ የተቀመጠው ለሁለት በተሰነጠቀ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ላይ ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ፣ ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ተመልሼ ሌላ ገጽ ገለጥኩ፤ በዚያ ላይ ዳምጠው ከሄደ በኋላ ክረምት ገብቶ የአባትየው የወፍጮ ድንጋይ መሰንጠቁ፣ ውብነሽም ከወንዙ ማዶ ሌላ አስጠርባ፣ በሰው ትከሻ በገደሉ አሻግራ ማስመጣቷ ተጽፏል። ደራሲው ሁለቱን በአንድ ቦታ አላነሣቸውም፤ ወደ ሁለተኛው ሲደርስ የመጀመሪያውን አላስታወሰንም። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አስቀምጦ በዝምታ አልፏል።

«እንግዲህ» አልኩ፣ «አባቱ የተናዘዘለት ወፍጮ ያ የተቀመጠበት ነው። ይውሰደው! የሚፈጨው የእሷ ነው።»

አባባ ወልዴ ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ድገመው» አሉ፤ ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «ሰምቼው ነበር እኮ» አሉ በለሆሳስ። «ትናንት ማታ ስታነበው ሰምቼዋለሁ። ድንጋይ ነው ብዬ አሳለፍኩት። ረትተኸኛል።»

ይህን ካሉ በኋላ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። እናቴ እየተጣደፈች፣

«ኧረ አባባ ይቀመጡ! በዚህ ብርድ የት ሊሄዱ ነው?» ስትል፣

«ኩበት ላመጣ» አሉ። «ችሎት ላይ ዕድሜ አይታይም።»

ሰኞ ከሰሌዳው ፊት ስቆም ጌጡ ለመሣቅ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴ በማለዳ አብሮኝ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው ብሎኝ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ግን ባርኔጣውን አየሁት። ስለ ደራሲው ልናገር ያዘጋጀሁት መግቢያ ሁሉ ጠፋኝና፣ ከአፌ የወጣው፣

«ከሳሹ ዳምጠው ነው» የሚል ቃል ሆነ።

ሣቁ ተነሣ፤ እኔ ግን ቀጠልኩ። የእሱን ቃል እንደ እሱ፣ የእሷን ቃል እንደ እሷ አድርጌ፣ አንዲት ሳላጓድል መለስኩ። ሣቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ዳኛው ሊፈርድ ወደተሰየመበት ቦታ ስደርስ ጣቴን ወደ ክፍሉ ቀስሬ «ፍረዱ!» አልኳቸውና ዝም አልኩ። ክፍሉ እንደ ገበያ ጮኸ። ጌጡ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ለዳምጠው ተሟገተ፤ ከፊት የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች በአንድ ድምፅ ተነሡበት። ደወሉ ተደውሎ የወጣ አልነበረም። መምህርት ጽጌ ጠመኔያቸውን ይዘው ከጥግ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«መጨረሻውን ግን አልነገርከንም» አሉኝ።

«መጨረሻው መጽሐፉ ውስጥ ነው» ከማለቴ ጌጡ ከእጄ መንጭቆ ወሰደው።

ማታ ቤት እራት ቀርቦ ሳለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ እናቴን «የዘንድሮውን በሶ ቀደም አድርጋችሁ አዘጋጁት፤ መሐል ሜዳ ብርድ ነው፣ ልጅ ይርበዋል» አላት። በዚያች ሌሊት ደስታ እንቅልፍ ነሣኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ፤ የአነባበቡንም ጥበብ በዩኒቨርሲቲ፣ ስም ባላቸው ስልቶች፣ ከተማሩ ሰዎች ተማርኩ። አሁን ራቤል በምትባል ከተማ ራሴ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ልብ ወለድ ስታነብ ሐሳቧ እንደሚበተንባት እያፈረች ነገረችኝ። ዝም ብለሽ ጣሪ፣ ትኩረት አድርጊ አላልኳትም፤ ትኩረት ሲያዙት የሚመጣ እንግዳ እንዳልሆነ አውቃለሁና። «እስከ አሁን ካነበብሽው ውስጥ ማን ነው የተበደለው?» ብቻ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ሄደች።

በሳምንቱ ከክፍል ስወጣ ግቢው መሐል ጠበቀችኝ። ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም። «መምህር፣ ያ አጎትየው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ጀመረች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ መጽሐፉን በጣቷ ከፍታ ይዛዋለች። እኔም ሆን ብዬ ለአጎትየው አደላሁ። ወዲያው ገጽ መግለጥ ጀመረች። ከልጅነቴ የቀረልኝ ሀብት ይህ ይመስለኛል፦ አንድ ሰው በወረቀት ላይ ላለ፣ ከቶ ላልኖረ ሰው ብሎ ሲቆጣና ሊረታኝ ሲዘጋጅ የሚሰማኝ ሙቀት። ተማሪዋ የፈለገችውን መስመር አግኝታ ጣቷን አሳረፈችበትና «ይኸው!» አለች፤ እኔም ልረታ ጎንበስ አልኩ።