በሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ

ነገሌ ላይ ያሰሩኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከላይ ይወርድና ትንፋሽ ያሳጥራል። ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ በነገሌ ዙሪያ ባለው ሊበን ውስጥ ሽፍቶች ተነሡ በተባለበት ጊዜ ነው። ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፖሊሶች የሽፍቶቹን ሰዎች ፍለጋ ቤቴን በርብረው አንድ ሳጥን ፎቶግራፍ ወሰዱ፤ እኔንም ወሰዱ። መርማሪው መቶ አለቃ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንዱን ሰው በጣቱ ነካ።

«ይኼ ማነው?»

አልተመታሁም። ተመትቼ ቢሆን ዛሬ ስናገረው ይቀለኝ ነበር። መቶ አለቃው ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ፤ እኔም ፈራሁ። በፎቶግራፉ ያለውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከብቱን የሚያጠጣበትን ጉድጓድ ሳይቀር ተናገርኩ።

በሦስተኛው ቀን የጠቆምኳቸውን ሰው እኔው ክፍል አስገቧቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የከብት ነጋዴ ናቸው። ግንባራቸው አብጧል። እንዳዩኝ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«ናጋ? አንተም እዚህ ነህ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ አባቴ» አልኩ። ዓይናቸውን አላየሁም።

የኩታቸውን ጫፍ ፈትተው ቁርጥራጭ ወረቀት ዘረገፉ። የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ነው። ሲፈትሿቸው አንዱ ፖሊስ ዓይናቸው እያየ ቀዶታል። ሴትዮዋ በሕይወቷ የተነሣችው ያንኑ ብቻ ነበር፤ ያነሣኋትም እኔ ነኝ።

«ያነሣሃት አንተ ነህ። የቱ የት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሥራልኝ።»

ስንቅ የመጣልኝበትን የሻይ ቅጠል ካርቶን ገልብጬ ዘረጋሁ። የዳቦ ውስጡን በውሃ አሽቼ ሙጫ አደረግሁት። ፊቷ አራት ቦታ ተቀዷል፤ አገጯን ከአፏ ጋር አገጣጠምኩ። ግራ ትከሻዋ ጨርሶ የለም፤ በቦታው ከሸሚዜ ጫፍ ቀድጄ ለጠፍኩ። የአንገቷ ጨሌ በተላጠበት ላይ ከኩታቸው ጥለት ቀይ ክር መዝዤ አጣበቅሁ። ስቸኩል ክሩ ሁለቴ ወደቀብኝ።

«ቀስ በል፣ ትደርሳለህ» ይሉኛል።

ደግነታቸውን መቻል አቃተኝ።

«አባቴ፣ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ውጭ የጭነት መኪና ሞተር ሲያስነሡ ይሰማል።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መቶ አለቃው ነግሮኛል። ጆሮዋ ቀርቷል፣ ለጥፍ።»

አልሰደቡኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ። ጆሮዋን ለጠፍኩ።

በማግስቱ መርማሪው ያንኑ የሠርግ ፎቶግራፍ አውጥቶ ጣቱን ሙሽራው ላይ አሳረፈ። ሙሽራውን አውቀዋለሁ፤ ወደራ ገበያ ላይ ሱቅ አለው።

«አላውቀውም» አልኩ።

ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ። በዚያ ቃል የተነሣ ብዙ ወራት ታስሬ ቆየሁ። ያን ዕለት ከምርመራ ስመለስ ሽማግሌው አልነበሩም፤ ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደዋቸዋል። ካርቶኑን ይዘው ሄደዋል።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። እሳቸው ተፈትተው ሊበን ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር ጥቂት ዓመት እንደኖሩ ሰምቻለሁ። ከነገሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ተነሥቼ፣ ሁለቴም ከከተማው መውጫ ተመለስኩ። የሰፈሩ ሰው «ታስሮ ሰው ያልጠቆመ» እያለ ሲያመሰግነኝ አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።