ሳልቆም የሰጠሁት ሰላምታ

ሰነፍ ነኝ፤ ይኼን መደበቅ አልችልም። የኤሌክትሪክ ሞተር የገዛሁት የነዳጅ ሰልፍ አንገፍግፎኝ ነው ብልም፣ ልቤን የወሰደው ክሩዝ የሚሉት ነገሩ ነበር። ፍጥነትህን አስተካክለህ ቁልፉን ትጫናለህ፤ ከዚያ ቀኝ እጅህን ብታነሳም ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ከሰበታ ተነስቼ ተፍኪ፣ የምሠራበት መጋዘን እስክደርስ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ እጄ አረፈ።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ከሰበታ መውጫ፣ ጎረቤቱ ባለሱቅ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በድሮው ሞተሬ ሳልፍ ሰላም የምለው በቀኝ እጄ ነው፤ አባት በግራ እጅ ሰላም አይባልም። ቀኝ እጄን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ደግሞ ሞተሩ ይቀዘቅዝና እሱ ዘንድ ስደርስ መቆሜ አይቀርም። «አካም ቡልቴ?» ይለኛል፣ እንዴት አደርክ ለማለት፣ ከሰፈሩ በለመዳት ኦሮምኛ። ስለ ጉልበቱ ያማርራል፣ ጃኬትህን ዝጋ ብሎ ይቆጣል።

«አባዬ፣ አስረፈድከኝ እኮ!» እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ክሩዙ ከመጣ በኋላ ግን እጄን አንስቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሳልቆም አልፋለሁ። ሰላምታው እንደሆነ ሙሉ ነው፣ ምን ጎደለ? እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

አንድ ጠዋት ከሩቅ እጁን አንስቶ አየሁት። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እኛ ሰው የምንጠራው እንዲህ ነው፤ ከሚሮጥ ሞተር ላይ ሆኜ ግን ሰላምታ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩለትና አለፍኩ። በመስታወት እንኳ አላየሁትም።

ረፋዱ ላይ አባትህ ክሊኒክ ገብቷል ብለው ደወሉልኝ። ክሊኒኩ ስደርስ አንሶላ አልብሰውታል።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ወደ ለቅሶው ድንኳን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ደረታቸውን ይዘው ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሲጠሩህ አይቻለሁ። ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ፣ ልጅዎ እንዴት ጥሎዎት ያልፋል ብዬ በጣም ተናደድኩ።»

«እሱ ምን አለ?»

«‹ሥራ ረፍዶበት ነው። ሰላም ብሎኛል እኮ፤ እንዳትቆጣው› አሉኝ።»

ምናለ ረግሞኝ ቢሆን! እርግማኑን እችለው ነበር።

ወዲያው አንዲት ዘመዳችን እያለቀሱ ገቡና አንገቴን አቀፉኝ። «አይዞህ ልጄ፣ አንተስ በጠዋቱ ሰላም ብለኸዋል፤ ቆመህ አነጋግረኸዋል አይደል?» አሉኝ።

ባለሱቁ አየኝና «አዎ እማማ፣ ቆሞ አነጋግሯቸዋል» አላቸው።