ልኩ የጎደለው ንባብ

የያዙኝ ቆቦ ገበያ መሃል፣ ኮረሪማ ስጠቀልል ነው። ሁለት ሰዎች ፊቴ ቆሙ። ገዢ መስለውኝ «ልስፈርላችሁ?» አልኳቸው። አንደኛው፣ ጠመንጃ ያነገተው ሚሊሻ፣ «አንቺን ነው የምንሰፍረው» ብሎ ሳቀ። ሌላው አልሳቀም። ጎንበስ አለና ከኬሻዬ ላይ የወረቀት ክምሬን አንስቶ ፊትና ጀርባውን አገላበጠ። እኔ ሞኟ ደግሞ «እሱ አይሸጥም ወንድሜ፣ መጠቅለያዬ ነው» አልኩት።

ያኔ ዕድሜዬ አርባ አልሞላም። ልጄን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ከሮቢት ቆቦ፣ ከቆቦ ዋጃ፣ ገበያ ተከትዬ ቅመም የምሸጥ ሴት ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀት የማውቀው በጣቴ ነው። ወፍራሙ የደብተር ልባስ ለኮረሪማ ይሆናል፣ መካከለኛው ለጥቁር አዝሙድ፣ ስሱ ለኩል። ኩል ክፉ ነው፤ ወረቀቱ ከልኩ በላይ ከሳሳ ያፈስና የገዢን ቀሚስ ያጠቁራል። ያን ሰሞን ግን ስስ ሆኖ የማያፈስ ወረቀት እጄ ገብቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ግማሽ ገበያውን በሱ ጠቀለልኩለት። ለካስ የተከለከለ በራሪ ወረቀት ኖሯል። እኔ ምኑን አውቄ። ለቆቦው ካድሬ ሚስትም ጥቁር አዝሙድ የሰጠኋት በሱ ጠቅልዬ ነው። ባሏ መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት በገዛ ጓዳው፣ ከድስቱ አጠገብ አገኘ።

ወረቀቱ የመጣው ከዋጃ ነው። እዚያ ስሄድ የማድርባት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የልጇን አሮጌ ደብተር እያጠራቀመች ትሰጠኛለች። ልጅቱ ተማሪ ናት። ቀጭን፣ ሲያናግሯት መሬት መሬት የምታይ። ያ ስስ ወረቀት ከደብተሮቿ መሃል ገብቶ ነበር። እናትየዋ ታውቅ አታውቅ እንጃ፣ እሷም እንደኔ ፊደል አትለይም። ግን ስሟ ከአፌ ቢወጣ ሁለቱንም እንደሚወስዷቸው ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነው። እስረኛው በዝቶ እህሉን አውጥተው ሰው ከተውበታል። ወንዶቹ በትልቁ ክፍል ናቸው፤ ሳላቸው ይሰማል፣ ፊታቸው አይታይም። ለሴት የተሰናዳ ቦታ ስላልነበረ ባዶ ጆንያ ይጣልባት የነበረች ጠባብ ክፍል ለብቻዬ ሰጡኝ። ማሽላው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። ነቀዞቹም ቀርተዋል። የሚበሉት ሲያጡ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳሉ። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ጠሽ፣ ጠሽ ይላል። ከበሩ በላይ በነበረች ቀዳዳ የዞብል ተራራ አናት ይታየኝ ነበር። አናቱ ብቻ።

እኔ ዕድሜዬን ከሰው ጋር ስከራከር የኖርኩ ነኝ። «ትንሽ ጨምሪ» ሲሉኝ፣ «አልጨምርም» ስል ነው የምውለው። እዚያ ግን የሚያናግረኝ ጠፋ። መጀመሪያ ለነቀዞቹ አወራሁላቸው። ከዚያ ወሬዬ አለቀ። አንድ ቀን፣ የገዛ ድምፄ እንዳይጠፋኝ ብዬ፣ ጮክ አድርጌ «ኮረሪማ! ጥቁር አዝሙድ!» አልኩ። ሚሊሻው ከውጭ፣ «አንቺ ቅመም፣ ገበያው ተበትኗል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሰው አናገረኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት አስገቡ። የከተማ ጫማ ነው ያደረገችው፤ አንደኛው ተረከዙ ሊወልቅ ተንጠልጥሏል። በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፋለች። ጨለማውን እስክትለምደው በሩ ሥር ቆመች፣ ከዚያ እኔን ስታይ፣

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለችኝ።

«ምን አልሽ እቴ?»

ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ! ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ግድግዳው ሁሉ አብሯት የሳቀ መሰለኝ። ከስልክ ቤት ነው የመጣችው። ሰው ሲደውል መስመር የምታገናኝ እሷ ናት። ሰሌዳው ላይ ብዙ ቀዳዳ አለ አለችኝ፤ ገመዱን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ነው፤ ወልዲያ እዚህ፣ አላማጣ እዚያ።

«ታዲያ ምን አድርገሽ ነው?»

«ሰምተሻል ተብዬ ነዋ። የሰማሁ ቀንም ሰምተሻል፣ ያልሰማሁ ቀንም ሰምተሻል። አንቺስ እትዬ?»

የካድሬውን ሚስትና ጥቁር አዝሙዱን ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «ወላሂ እትዬ፣ አንቺን መሸለም ነበረባቸው» አለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከተያዝኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሚሊሻው በሩን በሰደፍ መታው። አንገታችንን አቀርቅረን እንደገና ሳቅን።

ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። መጠቅለያው ጋዜጣ ነበር። ፍርፋሪውን አራገፈችና «ላንብብልሽ?» አለችኝ። እንደ ስልከኛ ድምፅዋን አሳምራ ጀመረች። ስለ ምርት ነው፣ ስለ እርሻ ነው፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ርዝመቱን ነው። እያነበበች፣ ዳቦዬን በልቼ ጨረስኩ። ጣቴን ጠራረግኩ። እሷ ገና ታነባለች።

«ቆይ እስቲ፣» አልኳት፣ «በዚች ብጫቂ ላይ ይህ ሁሉ ነገር አለ?»

«ገና ግማሹ ነው እኮ።»

እኔ አንድ ወረቀት አንድ ነገር የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ንግግር በኮረሪማ እያፈንኩ እንደሸጥኩ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ፀሐይዋ ከቀዳዳዋ በላይ ከፍ ስትል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ዛሬ ወይ ነገ ይጠሩሻል። ቃልሽን ጽፈው ጣትሽን አምጪ ይሉሻል። ሳያነቡልሽ እንዳትሰጪያቸው፣ እሺ?»

«ቢያነቡልኝስ? ያነበቡት የተጻፈው መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

አሰበች። «እሱን ወላሂ እኔም አላውቅም» አለችና እጄን ይዛ፣ «አብሽሪ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ካድሬው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ፊቱን ሳየው ከኔ ይልቅ እሱ የቸኮለ መሰለኝ፤ ያ ወረቀት በቤቱ ተገኝቷል፣ ከቤቱ ቶሎ ወደ ሌላ ሰው ቤት መሻገር አለበት።

«ጓዲት፣ ነገሩ አልቋል። ቃልሽ ተጽፏል። ጣትሽን አሳርፊና ትሄጃለሽ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?»

«ወደ ልጅሽ።»

ከልጄ ጠረን ከተለየሁ ስንት ቀኔ! እጄን ልዘረጋ ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ያንብቡልኛ» አልኩት።

ተገረመ። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ፣ «እኔ ቅመም ነጋዴ ነኝ፣ ወረቀቱን ከገበያ ሰብስቤ ነው የጠቀለልኩት፣ የምለው ይኸው ነው» ብሎ አነበበና አስቀመጠው። እውነት ነበር። የሚያስከፋ አንድ ቃል የለበትም። የማኅተም ቀለሙን ወደኔ ገፋ አደረገው።

ወረቀቱን አየሁት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ሲያስቀምጠው ጀርባውንም አይቻለሁ፣ ጀርባውም እስከ ግማሹ ተጽፏል። ያነበበልኝ ግን አንዲት ጉርሻ የማትዋጥበት ጊዜ ነው።

«ጌታዬ፣» አልኩት፣ «ይሄ ጎደለ።»

«ምኑ?»

«ንባቡ። እኔ ሰፍሬ ነው የምሸጠው። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ያነበቡልኝ እፍኝ አይሞላም። የቀረውን የት አደረጉት?»

ሚሊሻው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። ካድሬው ያንን አየ። ሰው ፊት ባይሆን ምናልባት ያልፈኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እጄን ጎትቶ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ደፈቀው። ጣቴን አጥፌ ጨበጥኩ። ሊፈለቅቀው ታግሎ ሲለቀኝ ቀስ ብዬ፣ በትህትና፣ ቀለሙን በቀሚሴ ጠረግኩት። ከነጭ ቀሚሴ ሌላ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላወራም። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ደከም ይላል፤ የሚያናግሩኝ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ።

ወደ ክፍሌ ሲመልሱኝ ስልከኛዋ የለችም። ከዳቦው ግማሹን በጋዜጣው መልሳ ጠቅልላ፣ ራሴን የማስደግፍበት ቦታ አስቀምጣልኛለች። የጫማዋ ተረከዝ ወልቆ እዚያው ወድቋል።

«ወሰዷት?» አልኩት ሚሊሻውን።

«ወሰዷት።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።» ያን ቀን አልቀለደብኝም።

ከሷ በፊት የነበረው ዘጠኝ ቀን ብቸኝነት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሰው ስቆበት ከሄደ በኋላ ያለው ክፍል ነው ብቸኝነት። ዳቦውን ደርቆ ነቀዞቹ እስኪመጡበት ድረስ አልነካሁትም።

ብዙ ወር ቆየሁ። አንድ ጠዋት፣ ያለ ምንም ነገር፣ «ውጪ» አሉኝና ወጣሁ። ልጄን አየሁ። ከዚያ ዋጃ ሄድኩ። የዚያች ሴት በር ክፍት ነበር። ደጃፏ ላይ ማሽላ ትለቅማለች፤ ልጅቱ ውስጥ ሆና ስታስል ሰማኋት። «የት ጠፍተሽ ነው አንቺ ሰው!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አሞኝ ነበር» አልኳት። ምን ልበላት? ብነግራት በየገበያው ቀን እያየችኝ ልታፍር ነው። አመነችም አላመነችም አልጠየቀችኝም። ስሄድ ወረቀት አልሰጠችኝም፤ ቅጠል ነው የቆረጠችልኝ። ከዚያ ወዲያ ቅመም በቅጠል ጠቀለልኩ። እሷም አረፈች፣ እንዲሁ ሳንነጋገር ቀረን።

አምና ነው የልጅ ልጄ የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ የወሰደችኝ። አሮጌ ነገር የሚያኖሩበት ቤት አላቸው። «ቤተ መዛግብት ነው እማማ» አለችኝ። እኔ መዝገብ ብቻ መስሎኝ፣ ለካ የሌለ ነገር የለም። የብራና መጽሐፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሠርግ ዘፈን የተቀዳበት ካሴት፣ የሟች ፎቶግራፍ፣ የተዳሩ ሴቶች ለእናቶቻቸው ያስጻፉት ደብዳቤ፣ የቀበሌ ማኅተም፣ ከአፋር በኩል የመጣ የግመል ቃጭል፤ ሁሉም በየሳጥኑ። በሕይወቱ ያልተገናኘ ሰው እዚህ ጎን ለጎን ይቀመጣል። በጣም ፀጥ ይላል። እንደ መጋዘኑ ፀጥ ይላል፣ ነቀዝ ብቻ የለበትም።

ጥግ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አየሁ። ገመዶቹ ተንጠልጥለዋል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ከየትኛው ከተማ እንደመጣ አይታወቅም አሉኝ። እጄን አስጠጋሁና፣ አትንኪ ይሉኛል ብዬ ተውኩት። በልቤ ግን «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አልኩ።

ያመጣችኝ ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከቆቦ በጆንያ ከመጡ ወረቀቶች መሃል ስሜ ያለበት ተገኝቷል። ቤቱን የሚጠብቀው ጎልማሳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። መጀመሪያ ያ ስሱ ወረቀት፤ እንደ ቀንድ የጠቀለልኩበት እጥፋት አልጠፋም፣ የጥቁር አዝሙድ ወዝ አለበት፣ ሽታው ግን የለም። ከሱ ቀጥሎ ቃሌ የተባለው። ከግርጌው ለጣት የተሰመረ ቦታ አለ። ባዶ ነው።

«ላንብብልዎት እማማ?»

«እስከ መጨረሻው» አልኩት። በቀኜ ተቀመጠ።

አነበበ። የዋጃዋ ሴት ስም አለበት። የልጇ ስም አለበት። ቤታቸው ከመንገዱ በየት በኩል እንደሆነ አለበት። አንድም ቀን ያላየኋቸው የሁለት ሰዎች ስም ጭምር አለበት፤ እነሱን እኔ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ ይላል። ገጹ ተገልብጦ ጀርባው እስኪያልቅ ድረስ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰማሁ። አንድ ዳቦ ተበልቶ፣ ጣት ተጠርጎ፣ ገና ይነበባል። ያኔ የቀረብኝ ይኸው ነበር። አርባ ዓመት የት ተቀምጦ እንደቆየ እንጃ።

ይህን የምትጽፍልኝ ያችው የልጅ ልጄ ናት። ጨርሳ መልሳ አነበበችልኝ።

«ጎደለ» አልኳት።

«ኧረ እማማ፣ ያልሽውን ሁሉ ጽፌያለሁ። ምኑ ጎደለ?»

«የስልከኛዋ ሳቅ።»

እስክሪብቶዋን ያዘች፣ ተወች። «እሱ እንዴት ይጻፋል?»

«እንግዲያስ ቦታውን ባዶ ተይላት» አልኳት።