ጉልበቴና የቀሚስ አንገት

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችው ሱቄ የሐበሻ ቀሚስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀኝ እግሬ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ሲረግጥ ኖሮ ኖሮ ጉልበቱ ወደ ውጭ ጎበጠ፤ ጫማዬ ሁሉ ባንድ በኩል ሸፈፈ። ልጄ ጉልበት የሚቀይሩበትን ሰርጀሪ አድርጊ እያለች ነዘነዘችኝ። እኔ የምፈራው ሕመሙን አይደለም። ያ እግር ፔዳል መርገጥ ካቃተው ሱቄን ዘግቼ ቤት መዋሌ ነው፤ ቤት ቁጭ ብዬ ደግሞ ከማን ጋር ልጣላ?

ልጄ ድራይቭ አድርጋ ቶራንስ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፤ እሷ እየተረጎመች አስረዳኝ። አጥንቱን ቆርጦ አስተካክሎ ብረቱን ያስገባል፤ ትልቁ ሥራ ግን ጅማቶቹ ናቸው አለ። እግሬ ስለጎበጠ የውስጡ ጅማት ተወጥሯል፣ የውጪው ላልቷል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አዲሱ ጉልበት ወይ ይወላገዳል ወይ አልታጠፍም ይላል። ስለዚህ የተወጠረውን በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ እግሬን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ቀስ በቀስ ያላላዋል።

ወይ ጉድ! ይኼማ የኔው ሥራ ነው። የቀሚስ አንገት ሰፍቼ ስገለብጠው ዙሪያው ተወጥሮ ይጨማደዳል፤ ከስፌቱ የተረፈውን ዳር ዳሩን በመቀስ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ ሳደርገው ይተኛል። ካበዛሁት ግን ስፌቱ ይበጠስና አለቀ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እንደዚያ አበላሽቼ፣ በጨርቁ አሳብቤ፣ ሠርጓ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደ አዲስ ሰፍቻለሁ። ጨርቅስ ይተካል፣ የኔ ጅማትስ? መቼ ማቆም እንዳለበት በምን እንደሚያውቅ አስጠየቅኩት። በእጄ ይታወቀኛል አለ። እኔም ያንን ቀሚስ ስቆርጥ በእጄ ይታወቀኝ ነበር። የኦፕሬሽኑን ወረቀት ሳልፈርም ተነሳሁ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንገት ሰፍቼ፣ ከትንሿ መቀሴ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ፊቱ አስቀመጥኩና እስቲ አስተኛው አልኩት። ልጄ በሐፍረት ልትሞት፤ ዶክተሩን ኢምባራስ እያደረግሽው ነው ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ሳቀና ወንበሩን ሳበ። አንዴ ቆረጠ፣ ገልብጦ አየው። ደግሞ ቆረጠ፣ ገልብጦ አየው። እኔ እንዲህ የማየት ትዕግሥት የለኝም፤ ለአንድ አንገት ዘጠኝ ቁርጥ ነው ልማዴ፣ ዘጠኙንም ባንድ ትንፋሽ ነው የማስኬደው። እሱ አምስተኛው ላይ መቀሱን አስቀመጠ።

"ገና አራት ይቀርሃል" አልኩት።

ልጄ ተረጎመችለት። ራሱን ነቀነቀ።

"መጨመር ሁልጊዜ እችላለሁ፤ የቆረጥኩትን መመለስ ግን አልችልም።"

ባለሙያዋ እኔ ሆኜ ሳለ እምቢ አለኝ! ጨርቁን ቀምቼው፣ ተናድጄ፣ እዚያው ፈረምኩ።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ከዚያ በኋላ ቴራፒስቷ እግሬን ስታጥፈው የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩባት፤ ደግነቱ አማርኛ አትሰማም።

ባለፈው ወር ሱቄን ከፈትኩ። አምላኬን ለምኜ ፔዳሉን ረገጥኩት። ጉልበቴ እሺ ብሎ ታጠፈ፣ መርፌዋም ሄደች። እሰይ! ብቻዬን እልል አልኩ። የሚጠብቀኝ ሥራ የቀሚስ አንገት ነበር። መቀሱን አንስቼ ዘጠኙን ላስኬደው ስል ያ ልጅ እግር ሐኪም ትዝ አለኝ። እንደሱ በየቁርጡ እየገለበጥኩ አየሁት። አምስተኛው ላይ አቆምኩና ካውያ አሳረፍኩበት። አንዲት መጨማደድ ሳይኖርበት ልጥፍ ብሎ ተኛ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያቺ ሙሽራ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስልኳ አለኝ። ደወልኩና ጨርቁ ምንም አልነበረበትም፣ ያበዛሁት እኔ ነኝ አልኳት።