መንገድ ላይ የተቆረሰው ዳቦ

ትናንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤቷ የእግር ጉዞ ክበብ ጋር እንጦጦ ልትወጣ ሄዳ በስብሳ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። ጫማዋን በር ላይ ወርውራ አኮረፈች። ምነው ብላት፣ ለካ አንዲት ልጅ ዝናቡ መሐል ደክሟት ስለተቀመጠች ጫፍ ሳይደርሱ ተመልሰዋል። "ተራራው ከቤታችን ይታያል እኮ፣ እምዬ" አለችኝ። እኔማ ሰሞኑን ከአልጋዬ እስከ በሩ መሄድም ተራራ ሆኖብኛል። ሾርባዋን ስትጠጣ እያየሁ የአባቴ፣ የአባባ፣ ማኅበር ትዝ አለኝ።

ጣሊያን ከተማውን የያዘበት ዘመን ነው። የጉለሌ ሰፈራችን የማርያም ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ጽዋውን የተቀበለው ተረኛ ቤት ውስጥ ቃሉ የባለቤቱ ነው፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ እንኳ እዚያ እንግዳ ነው። በዓመት አንዴ ግን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ዳቦና ጽዋውን ይዘን በእግራችን እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። የዚያን ቀን ዳቦ ቄሶቹ ሳይባርኩት አይቆረስም።

ሙሴው አባባ ነበር። ያን ክረምት ከጣሊያን እስር ቤት ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ ከስቶ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። እስር ቤት ሳለ ግን፣ ከወጣሁ ዳቦሽን በጀርባዬ ተሸክሜ እመጣለሁ ብሎ ለማርያም ተስሎ ኖሮ፣ ማን ያስጥለው! እናቴ ስለሞተች የማስታምመው እኔ ነበርኩ። ገና ወጣት ነኝ፣ ድካሙ ግን ያኔውኑ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ዋናው መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ሰብሰብ ብሎ መሄድም ያስጠይቃል። ስለዚህ በእንጨት ለቃሚዎቹ ቀጭን መንገድ ወጣን። ስንነሳ ካፊያ ነበር፤ ሽቅቡ ሲጀምር ሰማዩ ተደፋ። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ጉሙ ፊት ያለውን ሰው ይሰውራል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የራሰ ጋቢ እንዴት እንደሚከብድ የለበሰው ያውቀዋል። ከማታ ጀምሮ እህል በአፋችን አልዞረም። በዚያ ላይ በረዶ ተጨመረ። ሰው ሁሉ ዳቦውን ልሸከምልህ ቢለው አባባ ወይ ፍንክች።

ዳገቱ መሐል ላይ ተንበረከከ። ከንፈሩ ጠቁሯል። መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፣ በኋላ መንቀጥቀጡም ቆመ፤ ያኔ ክው አልኩ። ሁላችንም ጀርባው ላይ ያለውን ዳቦ አየን። ማንም ግን እጁን አልሰደደም። መንገድ ላይ ቁረሱ ማለት የሚችለው ሙሴው ብቻ ነው።

"አባባ፣ ትንሽ ቅመስ" አልኩት እያለቀስኩ።

"ሳይባረክ? ተስያለሁ እኮ፣ ልጄ" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ምንም ነው የተሰማኝ።

ተናደድኩ። በስለቱም፣ በጣሊያንም፣ በእሱም ተናደድኩ።

ይኼኔ ከኋላ ቀርተው የነበሩት እማማ አሰገደች እያለከለኩ ደረሱ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛም እሳቸው ናቸው። አባባን አዩት፣ እኛን አዩን። ጽዋውን ከያዘችው ሴትዮ እጅ ተቀብለው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ጽዋውን ተቀብያለሁ" አሉ ወደ አባባ ዞረው። "ቤቴም ይኸው፣ ይኼ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ወልዴ፣ ቤቴ መጥተህ አልበላም ልትለኝ ነው?"

አባባ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ጀርባውን አዞረላቸው፣ ዳቦውን እንዲያወርዱት። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ቆረስነው፤ እማማ በእጃቸው አጎረሱት። በኮባ ተጠቅልሎ ስለነበር ውስጡ አልራሰም፤ የጥቁር አዝሙዱ ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ። ከጽዋው ጠላ አስጎነጩት። ቆይቶ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማየትም ደስ ይላል። እየተፈራረቅን ደግፈነው ወረድን። እንጦጦ አልደረስንም፤ እኔ ለዓመታት ስለቱ እንደቀረ ነበር የምቆጥረው።

ጣሊያን ከሄደ በኋላ ማኅበሩ በዓመቱ መውጣቱን ቀጠለ። አባባ ያ ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርስ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ግንዱን ተሳልሞ ያልፍ ነበር። የሚስቅበት አልጠፋም፤ እሱ ግን አንድም ዓመት አላጓደለም።

ይኼን ሁሉ ለልጅ ልጄ አልነገርኳትም፣ ደክሞኝ ነበር። ያቺ የደከማት ልጅስ የት ደረሰች ብዬ ብቻ ጠየቅኳት።

"ቤቷ አድርሰናት ነው የመጣነው፣ ሁላችንም" አለች፣ እንዳኮረፈች።

"እንግዲያ ደርሳችኋላ" አልኳት።

አልገባትም። እኔም አባባ ያንን ዛፍ ሲሳለም እስካየው ድረስ አልገባኝም ነበር።